ክሪያቲኒኑ ደህና ነው፤ ቫይረሱስ?

አንድ የላብራቶሪ ወረቀት ፊታችን ላይ እናስቀምጥ። ባለቤቱ ኩላሊት ከተተከለለት አራት ወሩ ነው። ክሪያቲኒን፣ ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበት ቆሻሻ፣ 1.1። ሄሞግሎቢን ጥሩ። ሽንቱ እንደ ልብ ይወርዳል፣ በልቶ ይጠግባል፣ ደረጃ ሳያለከልክ ይወጣል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከእጥበት ማሽን ጋር ታስሮ መዋል ቀርቶለታል። ከወረቀቱ ግርጌ ግን አንዲት መስመር አለች፦ ቢኬ ቫይረስ፣ ፕላዝማ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 14,000 ቅጂ። ቤተሰቡ የላይኛውን አይቶ «ተመስገን» ይላል። ሐኪሙ የታችኛዋን አይቶ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙትን መድኃኒቶች መቀነስ ይጀምራል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለዚያች የግርጌ መስመር ነው፤ ምክንያቱም የኩላሊቱ መጎዳት በክሪያቲኒን እስኪታይ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እስከዚያ ድረስ የሚናገረው እሷ ብቻ ናት።

ልጅ ሳለን የያዙን ብዙ ቫይረሶች ከዳንን በኋላም ከሰውነታችን አይወጡም። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ በአጭሩ ሲኤምቪ፣ መቅኔ ውስጥ ነጭ የደም ሴል በሚያፈሩ ሴሎች ይደበቃል። ምች የሚያወጣውና አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በነርቭ ሥር ይቀመጣሉ። ቢኬ በኩላሊትና በሽንት ቧንቧ ግድግዳ፣ ሄፓታይተስ ቢ በጉበት ሴል አስኳል ውስጥ ያድራል። እነዚህን ሁሉ ዘብ ቆመው የሚጠብቁልን ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥረው የሚያጠቁትም እነዚያው ናቸው። ተቀባዩ የሚወስዳቸው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ጥቃቱን የሚያስቆሙት ዘቡን በማዳከም ነው፤ ጥቃቱን ብቻ ለይቶ የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ኤቲጂ የሚባለው ጠንካራ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ደግሞ ቲ ሴሎቹ ከደሙ ስለሚጠፉና እስኪመለሱ ወራት ስለሚፈጅ፣ ለስለስ ያለው ባሲሊክሲማብ ከተሰጠው ሰው ይልቅ ለቫይረስ የተጋለጠ ነው። የሚነቃው ቫይረስ የተቀባዩ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ በለጋሹ ኩላሊት ውስጥ ተኝቶ የመጣም ሊሆን ይችላል።

ለሲኤምቪ መጀመሪያ የሚታየው የሁለት ሰው ደም ነው፤ የለጋሹና የተቀባዩ። አይጂጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ካለ ሰውየው ቫይረሱን ከዚህ በፊት አግኝቶታል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ጥምረት ለጋሹ ያለው፣ ተቀባዩ የሌለው ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው አዋቂ ቫይረሱን ገና በልጅነቱ ስለሚያገኘው ብዙው ተቀባይ መካከለኛ ስጋት ላይ ነው የሚመደበው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ተወልዶ ያደገ ወጣት አገር ቤት ካደገ አባቱ ኩላሊት ሲቀበል ግን ያ አደገኛ ጥምረት በቀላሉ ይፈጠራል። ሕፃናትም እንዲሁ ናቸው። ምርመራው ደግሞ ደም ከመሰጠቱ በፊት መሠራት አለበት፤ ከሌላ ሰው ደም ጋር የገባ ፀረ እንግዳ አካል «አለው» የሚል የውሸት መልስ ይሰጣልና።

መከላከያው ቫልጋንሲክሎቪር ነው፤ ፍሬው 450 ሚሊግራም ሲሆን ከምግብ ጋር ይወሰዳል። አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ ዱቄቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ልትነካው አይገባም። ሴት እየወሰደች ሳለና ካቆመች በኋላ ቢያንስ 30 ቀን፣ ወንድ ደግሞ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 90 ቀን እርግዝና መከላከል አለባቸው። ኩላሊቱ በደንብ ለሚሠራ ሰው የመከላከያው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 900 ሚሊግራም ነው። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ40 እስከ 59 ሚሊ ሊትር ከሆነ 450 በየቀኑ፣ ከ25 እስከ 39 ከሆነ 450 በሁለት ቀን አንዴ ይሆናል። አደገኛው ጥምረት ያለበት ሰው ስድስት ወር ይወስዳል፤ ተቀባዩ ቀድሞ ቫይረሱ ያለበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አደገኛው ጥምረት ያለባቸውን ተቀባዮች ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን 100 ቀን ሌላውን 200 ቀን መድኃኒት ሰጥቶ አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ በሲኤምቪ የታመሙት 36.8 በመቶና 16.1 በመቶ ሆኑ። ስድስት ወሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ «ደህና ነኝ» ብሎ በሦስተኛው ወር የሚያቋርጥ ሰው የሚተወው ነገር ይህን ያህል ነው።

የመድኃኒቱ አወሳሰድ ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። የመጀመሪያው መጠኑ ሳይታደስ ሲቀር ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ክሪያቲኒን ገና ከፍ ያለ ስለሚሆን በትንሹ ይታዘዛል፤ በሳምንታት ውስጥ ኩላሊቱ ሲያገግም ግን ማዘዣው እንደነበረ ይቀራል፣ ሰውየውም ከሚገባው በታች እየወሰደ ይከርማል። ሁለተኛው ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ነው። ቫልጋንሲክሎቪር መቅኔን ይጫናል፤ ማይኮፌኖሌትና አንቲባዮቲኩ ኮትሪሞክሳዞልም ያግዙታል። እዚህ ላይ ቀላል መስሎ የሚታየው ቫልጋንሲክሎቪሩን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም ምርጫ ይኸው ነው። ቫይረሱን የማይገታ ግን የሚያስለምደው መጠን ሲሰጥ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ቫይረስ ይፈጠራል። የሚሻለው መጀመሪያ ማይኮፌኖሌቱን መቀነስ፣ ኮትሪሞክሳዞሉን በሌላ መተካት፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በጣም ከወረደም ምርቱን የሚያነሳሳውን ፊልግራስቲም መስጠት ነው። ለአደገኛው ጥምረት ሌተርሞቪር የሚባል መቅኔን የማይጫን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ለኩላሊት ተቀባዮች ተፈቅዷል። እሱ ግን የአልማዝ ባለጭራንና የምችን ቫይረስ ስለማይነካ አሲክሎቪር አብሮት ይሰጣል፤ የታክሮሊመስንም መጠን ስለሚጨምር ደም በየጊዜው መለካት አለበት።

መከላከያው ሲቆም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። በኋላ የሚነሳው ሲኤምቪ በብዛት የሚታየው መድኃኒቱ በቆመ በሦስት ወር ውስጥ ነው። አነሳሱም የሚያሳስት ነው፦ ድካም፣ ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳት፣ ምግብ መጥላት፣ ተቅማጥ፣ ደም ሲታይ ነጭ ሴልና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ዝቅ ማለት። አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሰፈሩ ወዳለው ክሊኒክ ቢሄድ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይዞ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሳምንት ያልፋል፤ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ይልና ይመለሳል። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ትኩሳት ሲሰማው የሲኤምቪ መጠን ሳይለካ ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም። ተቅማጡ ደግሞ የራሱን መዘዝ ይዞ ይመጣል፤ የተጎዳ አንጀት ታክሮሊመስን ከወትሮው በላይ ወደ ደም ያስገባል። መጠኑ ከፍ ሲል ዘቡ ይበልጥ ይዳከማል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል፣ ቫይረሱም ይፋፋል። ስለዚህ ተቅማጥ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ የታክሮሊመስ መጠን አብሮ ይለካል። ቫይረሱ አንጀት ውስጥ ብቻ ሆኖ የደም ምርመራው ባዶ ሊመጣ እንደሚችልም መታወቅ አለበት፤ በኢንዶስኮፒ ናሙና የሚወሰደው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ከመከላከያው እጥፍ ነው፤ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ቫልጋንሲክሎቪር 900 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለጠናበት ወይም መዋጥ ላልቻለ ጋንሲክሎቪር በደም ሥር በኪሎ 5 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል፤ የሚቆመው ግን ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ምልክቱ ሲጠፋና ቫይረሱ ከደም ሲጸዳ ነው። መጠኑ በየሳምንቱ በአንድ ላብራቶሪ ይለካል። ዛሬ በፕላዝማ (ሴሎቹ በተለዩበት የደም ፈሳሽ)፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ በሙሉ ደም የተለኩ ሁለት ቁጥሮች አይነጻጸሩም። በአንድ ላብራቶሪም ቢሆን ከሦስት እጥፍ ያነሰ ለውጥ እንደ ለውጥ አይቆጠርም፤ 2,000 የነበረው 3,500 ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም፣ 20,000 ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው። በትክክለኛ መጠን ሁለት ሳምንት ተወስዶ ካልወረደ ቫይረሱ መድኃኒቱን መቋቋሙ ይጠረጠራል፤ ያኔ አማራጮቹ ኩላሊትን የሚጎዳው ፎስካርኔት ወይም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው ማሪባቪር ናቸው።

ቢኬ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ፍቱን መድኃኒት የለውም። ስሙ የመጣው ከጎረቤታችን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ኩላሊት የተተከለለት አንድ ሱዳናዊ የሽንት ቧንቧው ጠቦ ሲመረመር ሽንቱ ውስጥ የማይታወቅ ቫይረስ ተገኘ፤ በስሙ የመጀመሪያ ፊደላትም ቢኬ ተባለ። ከ80 በመቶ በላይ የሆነው አዋቂ ይህን ቫይረስ ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ምንም አያደርግም። በተቀባይ ላይ ግን ደረጃ በደረጃ ይወጣል፦ መጀመሪያ ሽንት ውስጥ፣ ከሳምንታት በኋላ ደም ውስጥ፣ ከዚያ የኩላሊቱን ቱቦዎች መብላት። ትኩሳት የለም፣ ሕመም የለም፣ የሽንት ማቃጠል እንኳ አብዛኛው ሰው ላይ የለም። ክሪያቲኒን የሚነሳው ቱቦዎቹ ከተጎዱና ጠባሳ መሥራት ከጀመሩ በኋላ ነው። ጠባሳ ደግሞ አይመለስም።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ዓለም አቀፍ የቢኬ ምክር ፕላዝማን እስከ ዘጠነኛው ወር በየወሩ፣ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ መለካት የሚለው። ከ1,000 በላይ ሆኖ በሦስት ሳምንት ውስጥ በድጋሚ ከተረጋገጠ፣ ወይም አንዴም ቢሆን 10,000 ካለፈ፣ ክሪያቲኒን ምንም ይሁን ምን የመድኃኒት ቅነሳ ይጀመራል። 14,000 ያየነው ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል።

ቅነሳው እንዴት ይሄዳል? አንዱ የተለመደ መንገድ ማይኮፌኖሌቱን በግማሽ ማውረድ ነው፤ ጠዋትና ማታ 1,000 ሚሊግራም ይወስድ የነበረ 500 ያደርጋል። በሁለት እስከ አራት ሳምንት ቫይረሱ ተለክቶ ካልወረደ የታክሮሊመስ መጠን ዝቅ ይደረጋል፤ ያም ካልበቃ ማይኮፌኖሌቱ ጭራሽ ይቆማል። ከታክሮሊመስ የሚጀምሩም አሉ። በየቱም ቢጀመር ቁም ነገሩ አንድን ነገር ለውጦ፣ ጠብቆ፣ ለክቶ ቀጣዩን መወሰን ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መቀነስ ቲ ሴሎቹን በአንዴ ይለቃቸውና ኩላሊቱን እንዲያጠቁ ያደርጋል። ቫይረሱም በአንድ ሳምንት አይጠፋም፤ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ቤተሰብ የሚያደርገው ትልቁ እገዛ ትዕግሥትና የሰዓት ጥንቃቄ ነው፣ ምክንያቱም ውሳኔው ሁሉ የሚመካው በታክሮሊመስ ቁጥር ላይ ነው። ክኒኑ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ከሆነ የሚወሰደው፣ ደሙ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክኒኑ ሳይዋጥ ይቀዳል። ክኒኑ በቦርሳ ተይዞ ይሄዳል፣ ደም ከተሰጠ በኋላ እዚያው ይዋጣል። ቤት ውጦ የሄደ ሰው ቁጥሩ ሁለት ሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ሐኪሙም ያንን አምኖ መድኃኒቱን ሲቀንስ ኩላሊቱ ለቲ ሴሎቹ ጥቃት ይጋለጣል።

ክሪያቲኒን ተነስቶ ከተገኘ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ያስፈልጋል። ቫይረሱ ኩላሊቱን እኩል ስለማያጠቃ፣ ይበልጡንም ውስጠኛውን ክፍል ስለሚወድ፣ ቢያንስ ሁለት ናሙና፣ ውስጠኛው ክፍል ያለበት፣ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ ያመልጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቢኬ ቁጣና ኩላሊቱን የማስወገድ ጥቃት (ሪጀክሽን) ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ኤስቪ40 የሚባለው ቀለም ነው። ያ ቀለም ሳይሠራ «ሪጀክሽን ነው» ተብሎ ዘቡን ይበልጥ የሚያዳክመው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በከፍተኛ መጠን ከተሰጠ ለቫይረሱ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ሌቮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በቢኬ ላይ ይረዳል የሚለው ተስፋም ተፈትኖ አልሠራም፤ ዛሬም በዚህ ምክንያት የሚታዘዝ ከሆነ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያውያን ልዩ ችግር እንምጣ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ነው። ብዙዎች ግን እስካሁን ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ነው የሚሠሩት፤ ብዙውን ጊዜም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመለሳሉ። ያ ጊዜ ደግሞ የሲኤምቪ መከላከያ ለብዙዎች የሚያልቅበትና ቢኬ ደም ውስጥ መታየት የሚጀምርበት ነው። ገንዘቡ ለቀዶ ሕክምናው፣ ለአውሮፕላኑና ለማደሪያው ወጥቶ ያለቀበትም ሰሞን ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት በጀት ሲያዝ የመጀመሪያው ዓመት የቫይረስ ምርመራና የቫልጋንሲክሎቪር ዋጋ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አንድ ላይ መቆጠር አለበት፤ «ስንመለስ እናየዋለን» የሚባል ወጪ አይደለም። ደሙ በአገር ውስጥ ተቀድቶ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም ውጤቱ ስንት ቀን እንደሚወስድ ቀድሞ ይጠየቅ።

ሲመለሱ የሚያዘው ወረቀትም ወሳኝ ነው። «ቀዶ ሕክምናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ደብዳቤ እዚህ ያለውን ሐኪም አይረዳውም። የሚረዳው የለጋሹና የተቀባዩ የሲኤምቪና የኢቢቪ (ኤፕስታይን ባር የሚባል ሌላ ቫይረስ) አይጂጂ ውጤት፣ የሄፓታይተስ ቢ ሦስቱም ምርመራዎች፣ ኤቲጂ ተሰጥቶ ከሆነ መጠኑ፣ ቫልጋንሲክሎቪር የተጀመረበትና የሚቆምበት ቀን፣ የቢኬ ውጤቶች ከነቀናቸው፣ የታክሮሊመስ ዒላማ በየትኛው ወር ስንት እንደሆነ፣ በሽንት ቧንቧው ውስጥ ለጊዜው የገባው ቀጭን ቱቦ፣ ስቴንት፣ ወጥቶ እንደሆነ ነው። ስቴንት በአንዳንዱ ሰው ተረስቶ ይቀራል፤ ለቢኬም ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል።

ሌሎቹን ባጭሩ። አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት በአንድ ጎን በማቃጠል ሕመም ይጀምራል። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር ወይም ቫላሲክሎቪር መጀመር አለበት፤ ከአንድ መስመር አልፎ ሌላ ቦታ ከታየ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ ሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር ይሰጣል። መጠኑ በኩላሊቱ አቅም ልክ ካልሆነ ሰውየው ይዘባርቃል፣ ቅዠት ያያል፤ ቤተሰብ ይህን ከሌላ ነገር ጋር ሊያያይዘው ስለሚችል መታወቅ አለበት። ለምች ዳማከሴ አሽቶ ማሽተት የኖርንበት ነው፤ ጨምቆ መጠጣት ግን ለተቀባይ አይሆንም፣ ከታክሮሊመስ ጋር ምን እንደሚያደርግ የተለካ ነገር የለምና። ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ተቀባይ ጉድፍ ካለበት ልጅ ጋር ከዋለ ሽፍታ ሳይጠብቅ ያኑ ቀን ይደውል።

ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር ሳይጀምር ንቅለ ተከላ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በሕይወት እስካለ ወይም ኩላሊቱ እስካለ ድረስም አያቋርጥም። ኢንቴካቪር በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከቀጣዩ ምግብ ሁለት ሰዓት በፊት። ክኒኑ አልቆ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት ጉበትን ሊያቃጥል ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ በርከት ብሎ የሚገኘው ኤችኤችቪ 8 የሚባል ቫይረስ ደግሞ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ያስከትላል፤ እግር ላይ፣ ላንቃ ላይ፣ የማይጠፋ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይታያል። ጥቁር ቆዳ ላይ እንደ ተራ ጠባሳ ሊታለፍ ስለሚችል በየጊዜው በብርሃን መታየት አለበት። ታክሮሊመስን ወደ ሲሮሊመስ መለወጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ኢቢቪ ለሌለበት ልጅ ኢቢቪ ያለበት ሰው ሲሰጥ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ስለሚያሰጋ፣ አንገት ወይም ብብት ላይ የወጣ እብጠት «ብርድ ነው» ተብሎ አይቆይም።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ፓራሲታሞል ከመዋጡ በፊት ተለክቶ ይጻፍና ለንቅለ ተከላ ቡድኑ ይደወላል። ስልኩን ለሚያነሳው ሰው የሚነገረው አጭር ነው፦ ከተተከለ ስንት ወር እንደሆነው፣ ቫልጋንሲክሎቪር እየወሰደ እንደሆነ ወይም መቼ እንዳቆመ፣ የመጨረሻው ነጭ የደም ሴልና የታክሮሊመስ ቁጥር፣ ተቅማጥ መኖር አለመኖሩ፣ በዚህ ሳምንት ከሌላ ክሊኒክ የተሰጠ ማንኛውም መድኃኒት። የመጨረሻው አይዘለል፤ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን ያንሩታል፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ ያወርደዋል።